ሆዷን ያላሳየችው መርከብ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጠጋ በሉልኝ። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ባሕር እሰጣችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ መርከብ በነፋስ ብቻ በሚሄድበት ዘመን፣ ምጽዋ ውስጥ ዘይቱና የምትባል የንግድ መርከብ ነበረች። የሠራትም የሚመራትም ናኾዳ ሱሩር ነው፤ ናኾዳ ማለት የመርከብ አለቃ ነው። ቡናና ሰም ጭና ጂዳ ትሄዳለች፤ ቴምርና ጨርቅ ጭና ትመለሳለች። ሸራዋን ስትዘረጋ የወደቡ ሰው፣ «ወይ ማማር!» ይላል።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። በየዓመቱ ነፋሱ ሲያርፍ መርከቦች ወደ አሸዋው ተጎትተው በጎናቸው ይጋደማሉ። እንጨት የሚበላ የባሕር ትል እንዳይገባባቸው ሆዳቸው ይፋቃል፤ በእሳት ይለበለባል፤ የዓሣ ዘይት ይቀባል። ሰዉም ሊያይ ይሰበሰባል።

ዘይቱና ግን አፈረች። «በሰው ፊት ሆዴን ገልጬ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

በመጀመሪያው ዓመት፣ «አባቴ፣ ነፋሱ ገና አላለቀም፤ አንዴ ደርሰን እንምጣ» አለችው። ሱሩር ስለሚወዳት እሺ አለ።

በገመድ ታስሮ አብሯት የሚኖረው ሽማግሌው መልህቋ፣ አባ መልህቅ፣ ይህን ሰምቶ፣ «ልጄ፣ ኋላ ይቆጭሻል፤ ተጋደሚ» አላት።

«አንተ ምን አለብህ፤ ኑሮህ ጭቃ ውስጥ ነው!» አለችው።

በሁለተኛው ዓመትም ለሱሩር ያንኑ ሰበብ ሰጠችው፤ ሆዷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቅርጥም ቅርጥም አደረገ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ትንሹ ትል። አታጋልጪኝ፤ እኔም ገበናሽን አላወጣም።»

«እሺ፣ ግን ቀስ እያልክ ብላ።»

አባ መልህቅ፣ «ልጄ፣ ተጋደሚ» አላት።

«አመመኝ አልኩህ?» አለችው።

በሦስተኛው ዓመት ትሉ ልጆችና የልጅ ልጆች አፈራ። አባ መልህቅ፣ «ልጄ፣ ተጋደሚ» ብሎ ለመናት።

«አሁንማ ወንፊት ሆኛለሁ፤ እንዴት ብዬ ላሳይ? ዝም በለኝ አባ!» አለችው። ቡናዋንም ጭና ሄደች።

ባሕሩ መካከል ሲደርሱ ማዕበል የለም፤ ነፋስም የለም። ውኃው ግን ዝም ብሎ ይገባል። ሱሩር ወርዶ ጣውላውን ቢነካው ፍርፍር አለ።

«ዘይቱና፣ ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አፍሬ ነው፣ አባቴ።»

«ከእኔ? ያንን ሆድ ጣውላ በጣውላ የሠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ዘይቱና፣ «ከኋላዬ የታሰረችው ታንኳ ላይ ሁላችሁም ውረዱ። እስክትጨርሱ እታገሣለሁ» አለች።

አባ መልህቅም፣ «ገመዴን ቁረጡት፤ ሸክሟ ይቅለላት» አለ። ቆረጡት። ወደ ጭቃው ወረደ።

የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ ባሕሩ ዘይቱናን ቀስ አድርጎ ገለበጣት። ያ ስትደብቀው የኖረችው ሆድ ፀሐይ ላይ ወጣ። ማንም አልሳቀም። ሱሩር ጥምጣሙን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ቀና ሲል ውኃው ባዶ ነበር።

ኋላ ሱሩር ሌላ መርከብ ሠራ። በየዓመቱም የመጋደሚያው ቀን ሲደርስ ጠጋ ይልና፣ «የት ጋ ነው የሚያምሽ፣ ልጄ?» ይላት ነበር አሉ።

ተረቴ ወደቡ ደረሰ። እናንተም እንዲህ በሉ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።