አርባ ቀን ያልሞላው ሳሙና

«አንድ አባወራ ነበረ» አሉ የኔታ፣ ውዴነሽ ጠይቃቸው ገና አፏን ሳትዘጋ።

የጠየቀቻቸው ይህን ነበር፦ «የኔታ፣ እህቴ በሽማግሌ ፊት ይቅር ብዬሻለሁ ካለችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ቤቷ ስሄድ ግን ንግግሯ አሁንም ይለበልበኛል። ይቅርታዋ የውሸት ከሆነ እኔም ከእንግዲህ ደጇን አልረግጥም። ጥፋት አለብኝ?»

የኔታ የጥፋቱን ነገር ትተው ስለ ሳሙና አወሩላት፤ እንዲህ ሲሉ።

ይህ አባወራ ከሚስቱና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ሳሙና ይሠራ ነበር። ከየዓውደ ዓመቱ የተረፈውን ሞራ ያጠራቅማሉ። ቀኑ ሲደርስ ሞራውን ያቀልጡና ከወይራ አመድ የተጠለለ ውሃ ይጨምሩበታል። ከዚያ በኋላ ማማሰል ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፤ ማማሰያው አያርፍም። እንፋሎቱ ፀሐዩን ያደበዝዘዋል። ትንሿ ልጅ ቆማ ታንቀላፋለች፤ የእናቷ እንጉርጉሮ ከድስቱ ውስጥ የሚወጣ ይመስላታል። እንዲህ ያለ ቀን ለምን እንደሚመሽ እኔ አላውቅም።

ሳሙናው ሲጠጥር ሚስቲቱ ቆራርጣ ጥላ ባለበት መደርደሪያ ላይ ታሰጣዋለች። አርባ ቀን ማንም አይታጠብበትም። እሷ ብቻ በየማለዳው ታገላብጠዋለች።

አንድ ዓመት ግን አባወራው ቸኮለ። ትልቋ ልጁ ልትዳር ነበርና የሰርጓ ልብስ በቤታቸው ሳሙና ነጽቶ ለማየት ጓጓ። ሰርጉ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። እሱ በዐሥረኛው ቀን አንዱን አንሥቶ እጁን ታጠበበት። ለበለበው። «ይሄ መርዝ እንጂ ሳሙና አይደለም!» አለና የዓመቱን ልፋት ሰብስቦ ወንዝ ጨመረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመውንም አላገኘም።

ወንዙ ነጭ አረፋ አወጣ። አረፋው በድንጋዮቹ መካከል፣ ደመና መስሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ቆላ ወረደ። ልጆቹ ዳር ቆመው በዓይናቸው ሸኙት።

«አባባ፣ ሳሙና ነበር እኮ» አለችው ትንሿ።

አንዲት ቁራሽ ከመደርደሪያው ሥር ወድቃ ተርፋ ኖሯል። ሚስቱ እሷኑ ማገላበጧን ቀጠለች። አርባው ቀን ሲሞላ እጁ ላይ አኖረችለት። ታጠበባት፤ እንደ ቅቤ ለሰለሰችለት። ያን ጊዜ አለቀሰ። ቁራሿ ለአንድ ሰው እጅ እንጂ ለሰርግ ልብስ አትበቃም ነበር።

የኔታ ወደ ውዴነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ የእህትሽ ይቅርታ የውሸት አይደለም። አመዱና ሞራው ተዋሕደዋል፤ መለብለቡ ግን ገና አልወጣለትም። አንቺም እንደዚያ ሰውዬ፣ በሦስት ሳምንትሽ፣ ወንዝ ልትጨምሪው ተነሥተሻል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ የኔታ?»

«በየማለዳው ሂጂ። ደጅ ቆመሽ እንዴት አደርሽ በያትና ተመለሽ። አገላብጪው እንጂ ገና አትታጠቢበት።»