ትርጓሜው የሚነገርበት ሰዓት

አንድ ንጉሥ የዘመን ቆጠራ ወደሚያስተምረው ጉባኤ ገብተው መምህራኑን በጣታቸው ቆጠሩ። አርባ ወንድ፣ አንዲት ሴት።

«ተማሪዎቹ እኩል በእኩል ናቸው» አሉ። «መምህር የሚሆኑት ግን ወንዶቹ። ምክንያቱን ንገሩኝ። ካላገኛችሁለት ሴቶቹን ዛሬውኑ ወደየቤታቸው እሰዳለሁ፤ በከንቱ አይድከሙ።»

ይታክቱ የምትባል ተማሪ እንስራዋን አዝላ ከደጃፉ ቆማ ነበር። ሦስት ዓመት ተምራለች። ይህን ስትሰማ እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደች።

የጉባኤው አለቃ የኔታ ፈንታሁን ተነሡ። «ጃንሆይ፣ የሴት ልብ ለቁጥር አይጸናም።»

«ኧረ ራሳቸው አይወዱትም! የቃሉ ትርጓሜ ላይ ሲደረስ ያፈገፍጋሉ» አሉ ሌላው።

«ትዳር ነው የሚጠራቸው» አሉ ሦስተኛው።

ሲከራከሩ ጉሮሯቸው ደረቀ። ውሃ ቀረበላቸው። ጠጡና ቀጠሉ።

ንጉሡ ወደ ሴቲቱ መምህር፣ ወደ እመት አስካለ ዞሩ። «አንቺስ? በምን ተለየሽ?»

«በአእምሮዋ ነዋ! እንደሷ ያለች በመቶ ዓመት አንዴ ነው የምትወለድ» አሉ የኔታ።

እመት አስካለ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ግራ ክንዳቸውን አሳዩ። ቆልመም ብሏል።

«በዚህ ነው ጃንሆይ። በልጅነቴ ተሰብሮ ተጣሞ ዳነ። እዚህ ቤት ጠዋት ሁሉም ቃሉን ያጠናል። ትርጓሜው የሚነገር ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ ለጉባኤው ውሃ ሊቀዱ ምንጭ ይወርዳሉ። እኔ እንስራ ማንሳት ስላልቻልኩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ጓደኞቼ ከኔ የተሻሉ ነበሩ። ክንዳቸው ግን ደኅና ነበር።»

መምህራኑ በእጃቸው የያዙትን ዋንጫ አዩ።

«ሴቶቹ ይቆዩ» አሉ ንጉሡ። «ውሃውን ሁሉም በተራ ይቅዳ። ትርጓሜ በሚነገርበት ሰዓት ግን ማንም እንዳይላክ።»

ወዳጄ፣ ማን ለምን ወደ ኋላ ቀረ ብለህ የሰው ልብ ከመመርመርህ በፊት፣ በዚያ ሰዓት ማን የት እንደተላከ ጠይቅ። አንተ የምትጠጣውንስ የቀዳው ማነው?

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የኔታ ትርጓሜውን ጀመሩ። ይታክቱ ከፊት ተቀምጣለች። ጥቂት እንደተናገሩ ጉሮሯቸው ደረቀ። ዋንጫውን ቢያነሡ ባዶ ነው።

«ውሃ የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«አለ እንጂ የኔታ፣ ምንጩ ዘንድ። ትርጓሜውን ይጨርሱልንና አብረን እንወርዳለን።»