የጦር ማኖሪያ ጉብታ

ከሾላ አፋፍ ወደ ዳንግሌ በሚያወርደው መንገድ፣ ሁለቱ መንደሮች በሚዋሰኑበት ቦታ፣ አናቱ ገላጣ የሆነ ጉብታ አለ። አገሬው ጦር ማኖሪያ ይለዋል። ዛሬ በዚያ ጦር ይዞ የሚያልፍ የለም፤ ስሙ ግን እስካሁን አልተለወጠም። ምክንያቱን የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ የሚያወጉት ይህን ነው።

በቀድሞ ዘመን ሁለቱ መንደሮች ደመኞች ነበሩ። ይመኑ የተባለ የሾላ አፋፍ ጎልማሳ በግጦሽ ጠብ የዳንግሌውን አለቃ የጓንጉልን ታናሽ ወንድም ገድሎ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ድንበር የተሻገረ ሰው በሕይወት አይመለስም ነበር ይባላል። ከሾላ አፋፍ ማዶ ያለችው ቀጨሞ ግን ከሁለቱም ጋር ሰላም ነበረች።

አንድ የመጋቢት ቀን፣ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ በዋለበት፣ ቀጨሞ በእሳት ተያያዘች። ኡኡታው ሲሰማ የሾላ አፋፍ ወንዶች፣ ጉልበት ያላቸው ሴቶችም ሳይቀሩ፣ የያዙትን ሥራ ትተው፣ ወንዶቹም ጦራቸውን እንደያዙ ሮጡ፤ በመንደሩ የቀሩት አረጋውያን፣ አራሶችና ሕፃናት ብቻ ነበሩ። እንደሚነገረው እነዚያ ማዶ ደርሰው እሳቱን ሲታገሉ፣ ያው ነፋስ ከአንዲት አራስ ምድጃ ፍንጣሪ አንስቶ የጎጆዋን ክዳን አቀጣጠለው።

የይመኑ እናት ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ቀጨሞ ቢጣሩ ነፋሱ ድምፃቸውን እየመለሰ አላሰማ አላቸው። ቢጨንቃቸው ፊታቸውን ነፋሱ ወደሚነፍስበት ወደ ዳንግሌ አዙረው፣ «የሰው ያለህ! ሕፃናት ሊያልቁ ነው!» ብለው ጮኹ።

ጓንጉል ከሰዎቹ ጋር አጥር ሲያጥር ነበር።

«የይመኑ እናት ናት» አለ አንዱ። «ይንደድ! እግዜር ፈረደልን።»

ጓንጉል የያዘውን እንጨት ጥሎ ጭሱን አየ ይባላል። የወንድሙ ተዝካር እንኳ ገና አልወጣም ነበር። በኋላ «ወንድሜን የገደለው ይመኑ ነው፤ ሕፃናቱ ምን አደረጉኝ?» ብሎ ተነሣ። ሰዎቹም እንደ ልማዳቸው ጦራቸውን ይዘው ተከተሉት። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ግን አስቆማቸው።

«ጦር ይዘን ከገባን ሊፈጁን መጡ ብለው ልጆቹን ይዘው ወደ እሳቱ ይሸሻሉ። እዚሁ እናኑረው።»

«ወንዶቹ ተመልሰው ባዶ እጃችንን ቢያገኙንስ?»

«ያግኙን» አለና የራሱን አስቀድሞ አስቀመጠ።

ሕፃናቱን አወጡ፤ ነበልባሉን በእርጥብ ቅጠል እየመቱ፣ ወዳልተነካው ጎጆ እንዳይዘልም ክዳኑን እየነቀሉ ይጥሉ ጀመር። የሾላ አፋፍ ሰዎች የቀጨሞን እሳት አጥፍተው፣ የመንደራቸውን ጭስ አይተው በድንጋጤ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ደመኞቻቸው ጣራ ላይ ወጥተው ቤት ሲያፈርሱ አዩ። ይመኑ ጦሩን በገዛ ጎጆው ጣራ ላይ ወደ ቆመው ወደ ጓንጉል አነሣ፤ እናቱ ግን ዘለው ዘንጉን ያዙበት።

«አንተ ልጅ፣ እጁን አታይም? ምን ይዟል?»

ይመኑ አየ። የጓንጉል መዳፍ ተልጦ ነበር፤ በእጁ የያዘውም የሚጨስ ሣር ብቻ ነበር። ጓንጉልም ከጣራው ሳይወርድ፣ «ይልቅ ውኃ አቀብለኝ፤ ከሥሩ ገና አልጠፋም» አለው።

ይመኑ ጦሩን ጥሎ ውኃ በቅል አቀበለው።

በዚያው ክረምት የቀጨሞ ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸው ደሙ ደረቀ። የወንድሙ ሐዘን ግን ከጓንጉል ልብ እስኪሞት ድረስ አልወጣም ይላሉ። ከዕርቁ በኋላ ሦስቱ መንደሮች አንድ ወግ አጸኑ፤ አንዱ መንደር የሌላውን እሳት ሊያጠፋ ሲወጣ ሦስተኛው ሳይጠራ መጥቶ የባዶውን መንደር ደጅ ይጠብቃል።

ዛሬ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ጥሪውም በስልክ ሆኗል። ቢሆንም አምና በበጋ የቀጨሞ ክምር ሲነድ ሾላ አፋፍ ተነቅሎ ወጣ፤ ዳንግሌዎችም ወዲያው መጥተው ጥጃውን አሰሩ፣ ምድጃውን አዳፈኑ፣ በየደጁ ተቀመጡ። አንዲት እናት ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ስትመለስ፣ ልጇ በማታውቃት የዳንግሌ ሴት ጡት ላይ ጠግቦ ተኝቶ አገኘችው።