ከለምለሙ መስክ የወጣችው አህያ

አንድ ጊዜ ክረምቱ ጠብታ ሳይጥል አለፈና ቆላው እሳት የበላው መሰለ። ምንጭ ያለው መስክ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የአያ አንበሳ ነበር። አንበሳ መስኩን በእሾህ አሳጠረና ቀበሮን «ጻድቁን አስገባ፣ ኃጢአተኛውን ከውጭ ተወው» ብሎ በር ላይ ሾመው።

ዕድሜዋን ሙሉ ሳታጉረመርም ጭነት የተሸከመችው አህያ ገባች። ታናሽ እህቷ ግን ውርንጭላዋን ሊነጥቃት የመጣውን አንበሳ አንድ ቀን ረግጣው ነበርና ውጭ ቀረች።

አህያ ለምለሙን ሣር በጎረሰች ቁጥር የእህቷ ማናፋት ከአጥሩ ማዶ ይሰማታል። ድምፁ እየሰለለ ሲሄድ ሣሩ ጉሮሮዋ ላይ ይቆም ጀመር።

አያ ጅቦ ግን እዚያው መስኩ ውስጥ ቋጥኝ ላይ ተጋድሞ፣ ከአጥሩ ውጭ በጥም የሚወድቁትን እያየ ለሃጩን ያዝረበርባል።

«ይህን እያየህ እንዴት ደስ ይልሃል?» አለችው።

«ለምን አይለኝ? ፍርድ ነው» አለና ትንሽ አሰበ። «ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። ሲሞቱ ወደ ውስጥ ያስገቡልን ይሆን?»

አህያ ትታው ወደ ቀበሮ ሄደች። ቀበሮ ሆዱ ተነፍቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«አያ ቀበሮ፣ እህቴን አስገባልኝ።»

«የጌታችን ፍርድ ተዛባ ልትይ ነው?»

«ፍርዱን እናንተ እወቁ። እኔ መብላት አቃተኝ።»

«እሱማ መድኃኒት አለው» አለ ቀበሮ፣ ቅጠል እየዘረጋላት። «ይህን ያኘከ ውጭ የቀረ ወገኑን ሁሉ ይረሳል። እህት እንደነበረችሽም አታውቂም። ሁላችንም በልተናል፤ እይ፣ እንዴት እንዳማረብን።»

አህያ ቅጠሉን አሸተተችው። «እህቴን ካላወቅኋት እዚህ ሣር የምትግጠው ማን ልትሆን ነው? እናቴ የወለደቻት አህያ አይደለችም።»

«ድሮስ ለአህያ ማር አይጥማትም» አለ ቀበሮ፤ በሩንም ከፈተላት።

እህቷን የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ወድቃ አገኘቻት።

«ከዚያ ጥጋብ ምን አወጣሽ?» አለቻት እህቷ በደከመ ድምፅ።

«ድምፅሽ» አለችና አሸዋውን በኮቴዋ ትቆፍር ጀመር። ኮቴዋ እስኪደማ ቆፈረች። መጀመሪያ እርጥበት፣ ቀጥሎ ድፍርስ ውሃ ወጣ። እህቷ ጠጣች፤ በየጥጉ የወደቁትም እየተሳቡ መጥተው ጠጡ።

ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ «ጭቃ ነው የሚጠጡት፣ ምስኪኖች» አለ። ጅቦ ደግሞ «እንግዲያው የሚሞት የለም ማለት ነው?» ብሎ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው የወገኑን ጣር እየሰማ የሚጠግብ ጅብ እንደሆነ፣ ላለመስማት ብሎ የሚረሳ ደግሞ ገነት ቢገባ እንኳ ራሱን ውጭ ጥሎ እንደገባ ነው።