ወደ ጨፌው የተመለሰው ውኃ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መሪጌታ። ይህን ያሉት «ወንድሜን በድዬው ነበር፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እሱም ይቅር አለኝ፤ ታዲያ ለምንድን ነው ፊቱ እንደ ድሮው የማይፈታልኝ?» ብሎ ለጠየቃቸው ለዘርጋው ነው።

ገበሬው ከማሳው ግርጌ ፊላ የሞላበት ጨፌ ነበረው። አንዲት መድኃኒት አዋቂ ባልቴት በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትመጣና እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ከፊላው ራስ ላይ ቢጫውን ዱቄት ወደ ቅል ታራግፍ ነበር። ደም ማቆሚያ ነው። ማጭድ የቆረጠውም፣ ቀንድ የወጋውም ወደ እሷ ይሮጣል። ገበሬው ግን ጨፌውን ባየ ቁጥር የሚታየው የባከነ መሬት ነበር። አንድ በጋ ቦይ ቀድዶ ውኃውን ወደ ወንዙ ለቀቀው። ፊላውን ከነሥሩ ነቅሎ አቃጠለና በቆሎ ዘራበት።

ባልቴቲቱ መጥታ «ልጄ፣ ጥቂት እንኳ ብትተውልኝ» ብትለው፣ «እማማ፣ በሰው መሬት ምን አገባዎት?» አላት።

በቆሎው ሰው የሚውጥ ሆነ። አገዳው በሚታጨድበት ሰሞን ግን ሚስቱ ማጭዱ ስቶባት እግሯን ቆረጣት። ደሙ አልቆም አለ። ገበሬው ተሸክሟት ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሮጠ። ባልቴቲቱ ቅሉን ገልብጣ አሳየችው፤ ባዶ ነው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ነጠላዋን ቀድዳ ቁስሉን ጠፍራ አሰረች፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅም በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው። ሚስትየው ተረፈች፤ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ሦስት ወር ከመደብ አልተነሣችም።

ገበሬው በማግስቱ ዶማውን ይዞ ወረደና ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ተመልሶ ተኛ። ፊላው ግን አልበቀለም። በሁለተኛውም ክረምት ውኃ ብቻ ሆነ። በቆሎውንም አጣ፣ ፊላውንም አጣ፤ ጎረቤቶቹም ሳቁበት። አንድ ጠዋት ብሽቅ አለና ቦዩን መልሶ ሊከፍት ዶማውን አነሣ። ባልቴቲቱ በዚያ ስታልፍ አየችው።

«ምን ልትሠራ ነው ልጄ?»

«ውኃውን መለስኩ እኮ እማማ! ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ውኃውን አፍስሰህ ነበር፣ መለስከው። ፊላውን ግን ነቅለህ አቃጥለኸዋል። እሱ ባንተ ትእዛዝ አይበቅልም። አንድ ቀን ነፋስ ከሌላ ጨፌ ዘር ያመጣ ይሆናል፤ ያን ቀን ታዲያ ደረቅ መሬት ይጠብቀው?»

ገበሬው ዶማውን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ ጎንበስ አለና ውኃ ያሾልክ የነበረውን የግድቡን ጎን በጭቃ ጠቀጠቀው።

በአራተኛው ዓመት ከወዲያኛው ዳር እንደ ጣት የቀጠኑ ሰባት የፊላ ቡቃያዎች ወጡ። ሚስቱን ጠርቶ አሳያት፤ ከብት እንዳይገባባቸውም ዙሪያውን አጠረ።

መሪጌታ ወደ ዘርጋው ዞሩ።

«እግሩ ላይ መውደቅህ ቦዩን መድፈንህ ነው፤ መልካም አድርገሃል። የወንድምህ ፍቅር ደግሞ ፊላው ነው። አንተ ገና በመጀመሪያው ክረምት ዶማ ልታነሣ ትፈልጋለህ።»

«ካልበቀለስ የኔታ?» አለ ዘርጋው።

«ያኔም ውኃውን አትልቀቅ። የመለስከው ልታተርፍበት ሳይሆን ያፈሰስከው አንተ ስለሆንክ ነው።»