ምልክት ያልታሰረለት ድምፅ

«አልናገርም» አለ ድምፅ ማጉያው።

አባባ ቢተው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ የሟች ሚስታቸውን የብርቄን ድምፅ አንዴ መስማት። ብርቄ በሕይወት ሳለች ለዚሁ ለወረዳው ሬዲዮ ስለ ባቄላ ተናግራ ነበር፤ ያን ቀን ይዘዋት የመጡት እሳቸው ናቸው። መልኳ አሁንም ከፊታቸው አይጠፋም፤ ድምፅዋ ግን ከጆሯቸው እየሸሸ ነው።

«ምን ሆንኩ ነው የሚለው?» አሉ።

የጣቢያውን ኮምፒውተር የምትጠብቀው ሰናይት ከስክሪኑ ላይ አነበበችላቸው። «አጫዋቹ አልሰጠኝም ነው የሚለው፣ አባባ። እዚህ ማሽን ውስጥ እንደ ሎሌ የሚታዘዙ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ አጫዋቹ አንዱ ነው።»

«እሱን ጠይቂልኛ።»

ተጠየቀ። «የድምፆቹ ጎተራ ጠባቂ ካልከፈተልኝ ከየት አምጥቼ?» አለ። እናም ጎተራ ጠባቂው አልከፍትም አለ፤ አጫዋቹ አልሰጥም አለ፤ ድምፅ ማጉያው አልናገርም አለ፤ አባባ ቢተውም ብርቄን አልሰሙም።

ጎተራ ጠባቂው «አለቃው ይዘዘኝ» አለ። የሎሌዎቹ ሁሉ አለቃ ተጠራ። ሄደ፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከልክሎት ባዶ እጁን ተመለሰ። ዘበኛው አላሳልፍም አለ፤ አለቃው አላዝም አለ፤ ጎተራ ጠባቂው አልከፍትም አለ፤ አጫዋቹ አልሰጥም አለ፤ ድምፅ ማጉያው አልናገርም አለ፤ አባባ ቢተውም ብርቄን አልሰሙም።

«አለቃን ይመልሳል?»

«አለቃንም። አምና ክረምት ሰዓት የሚያስተካክለውን ሎሌ ሌባ አታሎት፣ በሱ ቁልፍ ቤቱን በሙሉ አስዘረፈን። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየክፍሉ ነው። ሰዓት አስተካካይ ሰዓቱን ይንካ፤ አለቃም ሕግ የሰጠውን ብቻ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ልሳኑ በበሩ ብቅ አለ። «አንቺ፣ ዘበኛውን ትንሽ አስተኚውና ሽማግሌውን ገላግያቸው።»

«ሌባም የሚጠብቀው ዘበኛ የሚተኛበትን ሰዓት ነው፣ ጋሼ።»

«ሬዲዮ ጣቢያ መስሎኝ ወህኒ ቤት ነው ለካ የማስተዳድረው» ብሎ ሄደ።

ዘበኛው ተጠየቀ። «እኔ ምን አለብኝ፣ ሕጉን ጠይቁ» አለ። ሕጉ ተጠየቀ። «ምልክት የሌለውን አላውቅም» አለ። እንግዲህ ሕጉ አላውቅም አለ፤ ዘበኛው አላሳልፍም አለ፤ አለቃው አላዝም አለ፤ ጎተራ ጠባቂው አልከፍትም አለ፤ አጫዋቹ አልሰጥም አለ፤ ድምፅ ማጉያው አልናገርም አለ፤ አባባ ቢተውም ብርቄን አልሰሙም።

ሰናይት ግንባሯን ያዘች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ።» የድሮዎቹን ድምፆች ከአሮጌው ማሽን ወደዚህ ስታዛውር፣ ወፍጮ ቤት በየጆንያው አፍ ላይ የባለቤቱ መለያ ጨርቅ እንደሚታሰረው፣ ለያንዳንዱ ምልክቱን ማሰር ነበረባት። እሷ ግን ተጣድፋ ዝም ብላ አራግፋቸዋለች።

«አሁን አስርለታለሁ። ግን እርስዎ ይንገሩኝ። የቤት ነው ልበል፣ ወይስ ለሰው ሁሉ የሚሰማ?»

አባባ ቢተው በትራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። ብርቄ እቤት ስታወራ ትውል ነበር፤ እሳቸው ይሰሙ ነበር። ያ የሳቸው ነው። የባቄላው ግን ለአገር የተነገረ ነው።

«ይሰማ» አሉ።

ምልክቱ ታሰረ። ያኔ ሕጉ አወቀ፤ ዘበኛው አሳለፈ፤ አለቃው አዘዘ፤ ጎተራ ጠባቂው ከፈተ፤ አጫዋቹ ሰጠ፤ ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ።

ብርቄ ስለ ባቄላ አወራች፤ ስለ ዋግ፣ ስለ ዘር መረጣ፣ ሳይደርቅ ስለሚከት ሰነፍ ጎረቤት። ሰናይት ሳቀች። አባባ ቢተው ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። ጋዜጠኛው አመሰገናት፤ መቅጃውን ግን ቶሎ አልዘጋውም ነበር። ወንበር ተንቋቋ። ብርቄ በመስኮቱ በኩል፣ ያን ቀን ደጅ ቆሞ ለሚጠብቃት ሰው ስትናገር ተሰማች፦

«ምነው ፀሐዩ ላይ ቆምክ? ጥላ ስር ሁን እንጂ፣ መጣሁ።»