ሦስት ችካልና አንድ ገመድ

«ከጉልበተኛ ስትዋሰን፣ ጸሎትህም ችካልህም ይጥበቅ» ይል ነበር የፍልፈል አባት፣ ነፍሱን ይማርና።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ አንበሳ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ለየቤቱ አሥራ ሁለት ክንድ ገመድና ሦስት ችካል ሰጥቻለሁ። ችካሉን ትከሉ፣ ገመዱን አዙሩ፣ መሐሉ እደሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከገመዱ ውጭ ያገኘሁት እራቴ ነው። ከጎደሬውም ትልም እያንዳንዱ ትልሙ ላይ ባሳረፈው ጎን ልክ ቆፍሮ ይብላ።»

ፍልፈልና ከርከሮ ትልሙ ዳር ጎን ለጎን ተከሉ። የሁለቱም ሦስቱ ጎን አራት አራት ክንድ፣ ሦስቱም ማዕዘን እኩል ነበር። ፍልፈል ሚስቱንና ስምንት ልጆቹን አስገብቶ፣ «አንተ ፈጣሪ፣ ልጆቼን ከገመዱ አታውጣብኝ» ብሎ ጸለየ።

ከርከሮ ግን ጎደሬውን አይቶ ምራቁን ዋጠ። የድንበሩን ችካል ነቅሎ ወደ ፍልፈል አንድ ክንድ ገፋ።

«ኧረ አያ ከርከሮ፣ ድንበሬን!»

«ምን ሆንክ አንተ አፈር ለባሽ? የእኔም ገመድ አሥራ ሁለት፣ የአንተም ገመድ አሥራ ሁለት! ምን ጎደለብህ?»

የከርከሮ የትልም ጎን አምስት ክንድ ሆነ፤ የቀሩት ሁለቱ ሦስትና አራት። ከአምስቱ ፊት ለፊት ያለው ማዕዘንም መቃንና ጉበን እንደሚጋጠሙት ቀጥ ብሎ ተከፈተ። ፍልፈል ደግሞ ሦስቱን ክንድ ትልሙ ላይ አድርጎ አራቱንና አምስቱን ወደ ኋላ አዞረ። ያው የከርከሮ ቤት ነው፣ መቀመጫው ብቻ ተለወጠ። ልጆቹ ተጠጋግተው በቃቸው።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከርከሮ ደግሞ መጣ። ችካሉን ነቅሎ ሌላ አንድ ክንድ ገፋ።

«የእኔም ገመድ አሥራ ሁለት፣ የአንተም ገመድ አሥራ ሁለት! ምን ጎደለብህ?»

ለፍልፈል ሁለት ክንድ ቀረችው። ሁለቱን ጎኖች አምስት አምስት አድርጎ ሲስባቸው ጫፉ እንደ ወስፌ ሾለ። ልጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ። የታናሿ እግር ከገመዱ ሾልኮ ወጣ።

«እግርሽን ሰብስቢ እሙዬ! አንተ ፈጣሪ፣ ልጆቼን ከገመዱ አታውጣብኝ!»

ፍልፈል ይህን ሲል፣ ከርከሮ ሦስተኛውን ችካል ይዞ ሲያለከልክ ሰማ። ትልሙ ላይ ስድስት ክንድ ስለያዘ ለሁለቱ ጎን የቀረው ሦስትና ሦስት ነው። ማዕዘኑ ተከፍቶ ተከፍቶ ጭራሽ ተዘረጋ፤ ገመዱ በገመዱ ላይ ተኛ።

«አያ ከርከሮ፣ አንድ ክንድ መልስ! ጎኑ በረዘመ ቁጥር ፊት ለፊቱ ያለው ማዕዘን ይዘረጋል። አንዷን ብትመልስ ቤትህ ይቆምልሃል!»

«በእኔ ላይ ብልጠት? አንዲት ስንዝር አልመልስም!»

ፀሐይ ጠለቀች። ሣሩ ተንኮሻኮሸ። አንበሳ በፍልፈል ገመድ ዙሪያ አሽትቶ፣ አሽትቶ፣ አለፈ።

«ከርከሮ፣ ቤትህ የታለ?»

«ጌታዬ፣ ይቁጠሩት! ገመዴ አሥራ ሁለት፣ ችካሌ ሦስት! ምን ጎደለ?»

«መሐሉ» አለ አንበሳ።

አንድ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ዝም።

ሲነጋ ፍልፈል ልጆቹን ቆጠረ። ስምንት። አምላኩን አመሰገነ። ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው መንገደኛ ሽመላ ከትልሙ ዳር ቆሞ፣ መሬት ላይ የተጋደመውን ገመድ አየና ወደ ፍልፈል ዞረ፦

«አይዞህ ወንድሜ። ድንበር የገፋ፣ ማደሪያው ጠፋ።»